ሰው እየሞተ ስንስቅ የቀዳነውን ጨዋታ ላውጣው ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። እኔ ኮሜዲያን ነኝ። ለብዙ ዓመት አብሮኝ መድረክ የሚወጣ ጓደኛ አለኝ። ኮሮና ገብቶ ሁሉም ነገር ሲዘጋ ሥራችንም ተዘጋ። ማታ ማታ ኦንላይን እየተገናኘን ማውራት ጀመርን። እየቆየን መቅዳትም ጀመርን። እሱ ከልጆቹ ተደብቆ ቁምሳጥን ውስጥ ገብቶ ነው የሚያወራው። እኔ የተሰረዙ ዝግጅቶቼን ከካላንደር ላይ አነብለታለሁ። ስለ ኪራይ፣ ስለ ልጆቹ የቤት ውስጥ ትምህርት፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት እናወራለን። በአጭሩ ሥራ ፈትተን የቀባጠርነው ነው። ያኔ ለማንም አላወጣነውም።

አሁን ጓደኛዬ “ፖድካስት አድርገን እናውጣው” ይለኛል። ቁጭ ብዬ ሳዳምጠው ግን አፈርኩ። ሰው በየቀኑ እየሞተ እኛ እንንከተከታለን። ይባስ ብሎ አጎቴን በዚያው በሽታ ባጣሁበት ሳምንት የተቀዳ አለ። እዚያም ላይ እስቃለሁ። ጓደኛዬ የትኛው ቀን እንደነበር የረሳ ይመስለኛል። ደግሞስ ያንን ጊዜ ማስታወስ የሚፈልግ ማን አለ? እምቢ ብለው ይቀየመኛል። እሺ ብለው ራሴን እታዘበዋለሁ። ምን ይሻለኛል?

ሳቄ ያሳፈረኝ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

አጎትሽን ነፍሳቸውን ይማር። በዚያ ጊዜ ሰው የሞተበት ሁሉ ሐዘኑን ለብቻው ነው የተሸከመው። አቅፎ የሚያለቅስ የለም፤ በብዙ ቦታ ቀብር እንኳን በጥቂት ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ የዚያ ሳምንት ድምፅሽን ዛሬ ስትሰሚው ቢያምሽ አይገርመኝም። የጠየቅሽኝ ስለ ፖድካስት ነው። ደብዳቤሽ የከበደው ግን እዚያች ሳምንት ላይ ነው። ከእሷ ልጀምር።

የሳቅሽው በሞቱት ሰዎች አይደለም። ይህን ላጽናናሽ ብዬ ብቻ የምለው እንዳይመስልሽ። ሮበርት ፕሮቫይን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሳቅን ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ሰዎች በየአደባባዩና በየመሰብሰቢያው ሲያወሩ እየተከታተለ፣ ከሳቃቸው በፊት ምን እንደተባለ ይመዘግብ ነበር። 1,200 ያህል ሳቅ ሰበሰበ። ከዚያ ውስጥ ቀልድ የሚመስል ነገር ያስከተለው ሳቅ ከ20 በመቶ በታች ሆነ። ሌላው ሳቅ የመጣው “በቃ ቻው”፣ “እርግጠኛ ነህ?” በሚሉ ተራ ነገሮች ላይ ነው። ይኸው ሰው ሌላም ነገር አገኘ። ሰው ለብቻው ሆኖ ከሚስቀው ይልቅ ከሰው ጋር ሲሆን 30 እጥፍ ያህል ይስቃል። እንግዲህ አብዛኛው ሳቃችን የሚመጣው አጠገባችን ሰው ስላለ ነው ማለት ነው።

እስቲ ያን ቅጂ በዚህ አስቢው። አጎትሽ ከሞቱ ጥቂት ቀን ሆኖታል። ልቅሶ መቀመጥ አልተቻለም። በሩ ተዘግቷል። መሽቷል። በዚያ ሰዓት ድምፁን የምታውቂው፣ አንቺንም የሚያውቅሽ አንድ ሰው መስመር ላይ አለ። ከእሱ ጋር ሳቅሽ። እኔ እዚህ ውስጥ ክፋት አይታየኝም። እንዲያውም ያን ምሽት ስልኩን አጥፍተሽ ብትተኚ ኖሮ ይበልጥ ባሰብኩልሽ ነበር።

በሙያሽ ያሉ ሌሎችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። ሳተርደይ ናይት ላይቭ የሚባለውን የአሜሪካ የኮሜዲ ፕሮግራም ሳታውቂው አትቀሪም። ስቱዲዮው በወረርሽኙ ከተዘጋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2020፣ እያንዳንዱ ተዋናይ ከቤቱ የቀረጸውን ይዞ ፕሮግራሙ ተመልሶ መጣ። ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ ሃል ዊልነር ሞቶ ነበር። ለፕሮግራሙ አጫጭር ድራማዎች ለአሠርት ዓመታት ሙዚቃ ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ነው፤ የኮሮና ምልክቶችም ነበሩበት። በዚያ ምሽት ቀልዱ አልቀረም። በመካከሉ ግን ባልደረቦቹ እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው ሆነው ስለ እሱ አወሩ፤ ዘፈኑለትም። ሳቁንም ልቅሶውንም በአንድ ምሽት አደረጉት። በእንግሊዝ ደግሞ ኤዲ ላርጅ እና ቲም ብሩክ ቴይለር የተባሉ ሁለት አንጋፋ ኮሜዲያኖች በዚያው ኤፕሪል በአሥር ቀን ልዩነት በኮሮና አርፈዋል። ሲያስቁ የኖሩ ሰዎችም በበሽታው ይሞቱ ነበር። የቀሩት ቀልዳቸውን የቀጠሉት ሞቱን ሳያዩት ቀርተው አይደለም።

ስለዚህ ያኔ ስለሳቅሽ ለማንም ማብራሪያ አትሰጪም፤ ለራስሽም ቢሆን። ቅጂውን ማውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ሳቁ መጣብሽ። ዛሬ ተቀምጠሽ ትወስኛለሽ። ሁለቱን አትቀላቅያቸው።

“ሥራ ፈትተን የቀባጠርነው” ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። ቆም ብዬ ልከራከርሽ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው ማርች 11 ቀን 2020 ነው። በማግስቱ የኒው ዮርክ ብሮድዌይ ትያትር ቤቶች ተዘጉ። ከ1947 ጀምሮ የኖረው የስኮትላንዱ የኤዲንብራ ፍሪንጅ የመድረክ ጥበብ ፌስቲቫል፣ የስንት ኮሜዲያን የዓመት ተስፋ የሆነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰረዘ። በሙያው ላይ ትልቅ ስም ያላቸውም ጭምር ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገባቸው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን የማታ የቀልድ ፕሮግራም ያቀርብ የነበረው ስቲቨን ኮልቤር ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ አረፋ የሞላው የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ ፕሮግራሙን ከፈተ። እንደ እሱ የማታ ፕሮግራም የነበረው ኮናን ኦብራየን ከቤቱ ሆኖ በስልክ መቅረጽ ጀመረ። አንዳንድ ቦታ ታዳሚው መኪናው ውስጥ ሆኖ ዝግጅት ያይ ነበር። ሳቅ ስለማይሰማ ጥሩምባ እየነፋ ያበረታታቸዋል። እናንተ ደግሞ አንዱ ቁምሳጥን ውስጥ፣ አንዷ ካላንደር ይዛ። ሁላችሁም አንድ ጥያቄ ላይ ነበራችሁ፤ ሳቁን ሳልሰማ እንዴት ነው የምሠራው?

ይህን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ኮሜዲያን ሳቁን እየሰማ ነው ቀጣዩን ነገር መቼ እንደሚያስገባ የሚወስነው። ሳቁ ሲወጣ ዝም ይላል፤ መውረድ ሲጀምር ይገባል። ጊዜውን የሚቆጥርለት ታዳሚው ነው። እና ይህ የጊዜ ነገር ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት 10 ቋንቋዎችን አወዳድሮ ነበር። ሰዎች ፊት ለፊት ሲያወሩ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ። የሰከንድ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። በኢንተርኔት ድምፅ ትንሽ ከዘገየ ይህ ሁሉ ይበላሻል። ሁለት ሰው አንድ ላይ ይጀምራል፣ አንድ ላይ ያቆማል፣ “ቀጥል”፣ “አይ አንቺ ቀጥይ” ይመጣል። የስብሰባ መተግበሪያዎቹም የአንዱን ድምፅ ጎላ ለማድረግ ሲሉ የሌላውን ሳቅ እንደ ረብሻ ቆጥረው ይቆርጡታል።

እናንተ ያን ሁሉ ምሽት የሠራችሁት ምን መሰለሽ? አዲስ ጊዜ አጠባበቅ ስትማሩ ነበር። የእሱ ሳቅ ያንቺ ታዳሚ ነበር፤ ያንቺም የእሱ። ደግሞ መድረክ ላይ የማይባል ነገር ተባብላችኋል። ኮሜዲያን መድረክ ላይ ኪራይ መክፈል ስላቃተው ሰው ይቀልዳል። “ኪራይ መክፈል አቅቶኛል” ብሎ ግን ዝም አይልም። እናንተ ብላችሁታል፤ ተቀድቷልም። ይህን እኔ መቀባጠር አልለውም።

“ማስታወስ የሚፈልግ ማን አለ” ላልሽው፣ ከፊሉ እውነት ነው። ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ ከመታ በኋላ ፒተር ማግሮ የተባለ ተመራማሪ እና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት ሠርተው ነበር። ስለ አደጋው የተቀለዱ ነገሮችን በተለያየ ጊዜ ለሰዎች አሳዩ። አደጋው ትኩስ እያለ ብዙም አላሳቀም። ከወር ጥቂት አለፍ ብሎ ይበልጥ አሳቀ። ሦስት ወር ሲሞላው ደግሞ ደበዘዘ። እንግዲህ የእናንተ ቅጂ ስንት ዓመቱ ነው? ስለ ሽንት ቤት ወረቀት ሽሚያ የተቀለደው፣ ስለ ሳኒታይዘሩ፣ ዙም ላይ ድምፁን ማጥፋት ስለረሳው ሰውዬ፣ ያ ሁሉ ሞቷል። ያኔም ሁሉም ሰው ይቀልድበት ነበር። ሳትራሪ ቁረጪው።

የማይሞተው የቤቱ ነገር ነው። አባት ከልጆቹ ተደብቆ ቁምሳጥን ውስጥ ማውራቱ ወረርሽኝ ቢኖርም ባይኖርም ይሰማል። እንግሊዛውያኑ ኮሜዲያኖች ሮብ ቤኬት እና ጆሽ ዊዲኮምብ በ2020 ሁለቱም ከየቤታቸው ሆነው፣ ልጆች ቤት ተዘግቶባቸው ስለሚያሳዩዋቸው ፍዳ ማውራት ጀመሩ። ፖድካስት ነው። ገደቡ ተነሣ፤ እነሱ ግን አላቆሙም። አድማጭ የመጣው ለኮሮና ብሎ ቢሆን ኖሮ አብሮ ይሄድ ነበር። የመጣው ሁለት የደከማቸው ወላጆች ሲያወሩ ለመስማት ነው።

የተሰረዙ ዝግጅቶችሽን አንድ በአንድ ያነበብሽበት ደግሞ እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። አንድ ሰው ሥራው ከእጁ ሲወጣ የሚሰማ ድምፅ በየቀኑ አይገኝም። በ1918 የተነሣው ኢንፍሉዌንዛ ቢያንስ 50 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ይገመታል። ከዚያ በኋላ ግን በፍጥነት ከሰው አፍ ስለጠፋ “የተረሳው ወረርሽኝ” እስከመባል ደርሷል። የሟቾች ቁጥር በመዝገብ ይቀራል። ማታ ላይ ሁለት ሥራ ያጡ ሰዎች ምን ይባባሉ እንደነበር ግን የሚያስቀምጥ መዝገብ የለም። እናንተ ጋ አለ። አድማጩ በሺህ ላይቆጠር ይችላል። ለገቢ ብላችሁ ከሆነ ብዙ አትጠብቁ። መውጣት ይገባዋል ወይ ካልሽኝ ግን መልሴ አዎ ነው፤ ያቺን ሳምንት እስክትወስኚ ሳይጨምር።

አሁን ጓደኛሽ ጋ እንሂድ። እሱን “እሺ” ወይም “እምቢ” ለማለት አትቸኩዪ። እሱ የሚያውቀው ጥያቄና አንቺ ይዘሽ የተቀመጥሽው ጥያቄ ለየቅል ናቸው። እሱ “ይህ ነገር ጥሩ ነው፣ ይሰማ” እያለ ነው። አንቺ “እኔ በዚያ ሳምንት ምን ዓይነት ሰው ነበርኩ” እያልሽ ነው። ቀኑን ረስቶት ሊሆን ይችላል። ላይረሳም ይችላል። ያን ምሽት ሆን ብሎ ሊያስቅሽ ሲታገል የነበረ ቢሆንስ? ሳትጠይቂው አታውቂም። በጽሑፍ አታድርጊው። ደውዪለት፣ ወይም ተገናኙ። እንዲህ በይው፦ “ያቺ ቅጂ አጎቴ የሞተበት ሳምንት ናት። ስስቅ ሰማሁና አፈርኩ። ሌላው ላይ ከመወሰናችን በፊት እሷን አንድ ላይ እንስማት።” ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለብዙ ዓመት መድረክ አብሮሽ የወጣ ሰው በዚህ ይቀየመኛል ብለሽ አትፍሪ።

አብራችሁ ስሙት ማለቴ ትልቅ ምክንያት አለው። እስካሁን ያዳመጥሽው ብቻሽን ነው። ሁለት ሰው ሆኖ የተሠራን ነገር ብቻሽን ስትሰሚው የሚሰማሽ የራስሽ ድምፅ ብቻ ነው። አጠገብሽ ሆኖ “እዚህ ጋ እኮ ድምፅሽ ተቆራርጦ ነበር፤ ፈርቼ ነው ያን ወሬ ያመጣሁት” ሊልሽ ይችላል። ከሰማችሁት በኋላም ከከበደሽ ያቺ ቅጂ አትወጣም። በዚህ ላይ ድምፅ አይሰጥበትም። ሐዘኑ ያንቺ ስለሆነ ውሳኔውም ያንቺ ብቻ ነው። ትውጣ ካልሽ ደግሞ የአጎትሽን ልጆች ወይም ባለቤታቸውን አስቀድመሽ አነጋግሪ። ከፖድካስት መስማት የለባቸውም።

የጓደኛሽ ልጆችም አሉ። ከቁምሳጥኑ በር ወዲያ ሲጮኹ ተቀድተው ይሆናል። ያኔ ሕፃናት ነበሩ፤ አሁን አድገዋል፤ የትምህርት ቤት ጓደኞች አሏቸው። አባታቸው ስለ እነሱ ያለውን ሁሉ ሰው እንዲሰማው ይፈልጋሉ ወይ ብሎ መጠየቅ የእሱ ኃላፊነት ነው። እናታቸውንም እንደዚሁ። ስለ ጎረቤት፣ ስለ አከራይ፣ ስለ ዝግጅት አዘጋጅ ያወራችሁት ካለ ሰውዬው በስም ባይጠራም እንኳን ይታወቃል ወይ ብላችሁ መርምሩ። የሚታወቅ ከሆነ ይቆረጥ።

ከተስማማችሁ በኋላ ስለ ኤዲቲንጉ ብዙ አልልሽም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ አታሳምሩት። ድምፁ የተቋረጠበትን፣ አንድ ላይ የጀመራችሁበትን፣ ረጅሙን ዝምታ ተዉት። ከኋላ የታዳሚ ሳቅ አትጨምሩ። ያኔ ታዳሚ አልነበረም፤ ጉዳዩ ሁሉ እሱ ነው። በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ ቀኑንና ያ ሳምንት ምን እንደሚመስል በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩን። አድማጩ ከዚያ በኋላ ስትስቁ ቢሰማ ግራ አይገባውም። “ይቅርታ ስለሳቅን” የሚል መግቢያ ግን እንዳትሠሩ። ያን ጊዜ ቤቱ ሆኖ የሳቀውን ሰው ሁሉ አብራችሁ ጥፋተኛ ታደርጉታላችሁ።

ስለ ገንዘብም ከመጀመሪያው ክፍል በፊት ተነጋገሩ። ማን ኤዲት ያደርጋል? ማስታወቂያ ቢመጣ እንዴት ትካፈላላችሁ? አንዳችሁ በኋላ “ይውረድ” ብትሉ ይወርዳል ወይ? አንድ ገጽ ላይ ጻፉትና ሁለታችሁም ፈርሙ። ብዙ ጥንድ ያጣላው የቀልዱ ጥራት አይደለም፤ ይህ ነው።

ምናልባት ጓደኛሽ “ሁሉም ይውጣ፣ ካልሆነ ጭራሽ ይቅር” ቢልሽ፣ ይቅር በይው። ተጣልታችሁ ለማውጣት የሚያስቸኩላችሁ ምንም የለም። ፋይሎቹን ግን ሁለታችሁም ጋ፣ ከኮምፒውተራችሁ ሌላ ቦታም ጭምር፣ አስቀምጧቸው። የድሮ ስልክ ላይ ብቻ ያለ ካለ ዛሬውኑ ገልብጡት። ከዓመት በኋላ እንደገና ልትነጋገሩበት ትችላላችሁ።